ስለ 1769 ልጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ የፈረንጅ ቀን ሲሆን ሜይ፣ ጁን እያልን፣ የእኛ ሲሆን ግንቦት፣ ሰኔ እያልን እንጽፋለን።

1769 በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?

ሁለት ነው፤ 1761ም 1762ም። ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 8 ያለው ጊዜ በእኛ 1761 ዓ.ም. ነበር። ሴፕቴምበር 9 እንቁጣጣሽ ሆነና 1762 ገባ። ስለዚህ ከእንቁጣጣሽ በፊት ለሆነ ነገር 8 ቀንሱ፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ለሆነ ነገር 7 ቀንሱ። 1761 ዘመነ ማቴዎስ ነበር፣ 1762 ደግሞ ዘመነ ማርቆስ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ቅነሳው ላይ አይደለም፣ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚሉት ላይ ነው። «በ1769 ዓ.ም.» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢው የእኛን አቆጣጠር ይረዳል፤ ያ ደግሞ በፈረንጅ 1776 እና 1777 ነው። ሁለት ፊደል ተሳስቶ ታሪኩን በሰባት በስምንት ዓመት ያዛንፈዋል።

በዚያ ዓመት ኢትዮጵያን ማን ይገዛ ነበር?

ሦስት ነገሥታት ተፈራርቀዋል፣ ያውም በስድስት ወር ውስጥ። ዓመቱ ሲጀምር ጎንደር ላይ የነበሩት ዐፄ ኢዮአስ ናቸው። በልጅነታቸው ስለነገሡ ሥልጣኑ ለብዙ ጊዜ በአያታቸው በእቴጌ ምንትዋብ እጅ ነበር። ግንቦት 1761 ላይ ራስ ሚካኤል ስሑል ከዙፋን አወረዷቸው፤ ከቀናት በኋላም ተገደሉ።

በምትካቸው ዳግማዊ ዐፄ ዮሐንስ ነገሡ። የዐፄ በካፋ ወንድም ናቸው፣ ሽማግሌ፣ አንድ እጃቸውም የተቆረጠ። ነገሩ የገረመው ሰው ብዙ ነበር፣ ምክንያቱም በቀድሞው ልማድ አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም። ዮሐንስ የራስ ሚካኤልን ጦር ተከትለው መዝመት አልፈልግም አሉ። ብዙም አልቆዩ፣ ጥቅምት 1762 ላይ ሞቱ። ተመርዘው ነው የሞቱት ሲል ጀምስ ብሩስ የተባለው ተጓዥ ጽፏል። ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ነገሡ። ዕድሜያቸው ወደ 15 ነበር፤ ዛሬ ቢሆን ዘጠነኛ ክፍል ገደማ መሆናቸው ነው።

ራስ ሚካኤል ይህን ያህል ጉልበት ከየት አገኙ?

ከጨውና ከነፍጥ። ራስ ሚካኤል የትግራይ ገዥ ነበሩ። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ ደጋው የሚገባው በእርሳቸው አገር በኩል ነው፣ አሞሌ ደግሞ በዚያ ዘመን ገንዘብም ነበር። ከምጽዋ የሚመጣው ጠመንጃም መጀመሪያ እርሳቸው ደጅ ይደርሳል። ሌላው መስፍን በጦርና በጋሻ ሲዋጋ እርሳቸው በሺህ የሚቆጠር ነፍጠኛ አሰልፈው ጎንደር ገቡ።

«ታዲያ ለምን ራሳቸው አልነገሡም?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዙፋኑ ከሰሎሞን ዘር ለሚወለድ ብቻ ነው ይባል ስለነበር፣ ራስ ሚካኤል ቢቀመጡበት ሌሎቹ መሳፍንት በአንድነት ይነሱባቸው ነበር። ስለዚህ ዘውዱን ለሌላ ጭነው ሥልጣኑን ለራሳቸው አስቀሩ።

ዘመነ መሳፍንት በዚህ ዓመት ጀመረ የሚባለው ለምንድን ነው?

ንጉሥን ከዙፋን አውርዶ ሌላ የሚያስቀምጠው መስፍኑ መሆኑ በግልጽ የታየው ኢዮአስ ሲገደሉ ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሥታቱ ጎንደር ይቀመጣሉ፣ አገሩን የሚያዙት ግን ራሶቹና ደጃዝማቾቹ ናቸው። ማብቂያው ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ደረስጌ ማርያም የነገሡበት የካቲት 1847 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ 1855። ከ1769 ስትቆጥሩ 86 ዓመት።

ስሙ የመጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ መጽሐፈ መሳፍንት «በእስራኤል ንጉሥ አልነበረም» ስለሚል። ይህን ልብ በሉ፦ በግንቦት 1761 ጎንደር የነበረ ሰው «ዛሬ ዘመነ መሳፍንት ጀመረ» ብሎ አላደረም። እንዲህ ያለ ድንበር የሚሰመረው ኋላ ነው፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ወደ ኋላ ዞረው ሲያዩ።

ጀምስ ብሩስ በ1769 ጎንደር ገብቷል?

አልገባም፤ ፈተና ላይ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ብሩስ ስኮትላንዳዊ ነው፣ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ93 የሚደርስ ረጅም ሰው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1769፣ ማለትም መስከረም 11 ቀን 1762፣ ከባሕር ምጽዋ ወረደ። የዚያ አካባቢ ገዥ፣ ናይብ የሚባለው፣ አላሳልፍህም ብሎ ገንዘብና ስጦታ እየጠየቀ ሁለት ወር ያህል አስቀመጠው። ጎንደር የደረሰው ፌብሩዋሪ 1770 ነው።

ከጉዞው ከባዱ ከባሕር ዳርቻው ወደ ደጋው የሚወጣው ተራራ ነበር። ብሩስ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ኳድራንት የሚባል ትልቅ የብረት መሣሪያ ይዞ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ደክመው ተስፋ ሲቆርጡ እሱ ራሱ ከአንድ ሰው ጋር ተሸክሞ አወጣው። ያለ ኳድራንት «እዚህ ደርሻለሁ» ቢል በካርታ ላይ ሊያስረዳ አይችልም ነበር።

ጎንደር ሲደርስ ከተማዋ ፈንጣጣ ገብቶባት ነበር። ብሩስ ጥቂት ሕክምና ያውቃል፤ ቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ታመው የነበሩ ልጆችን አስታመመ። የቤተ መንግሥቱ በር የተከፈተለት በዚህ ነው።

የዓባይን ምንጭ ያገኘው ብሩስ ነው?

ብሩስ ግሽ ዓባይን ያየው ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ነበር። ነገር ግን ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ከእሱ 152 ዓመት ቀድሞ በ1618 አይቶት ጽፏል። ከሁለቱም በፊት ደግሞ የሰከላ ሰው በየቀኑ ያየዋል፣ ጸበሉንም ይጠመቃል። «አውሮፓ ውስጥ ታሪኩን በሰፊው ያሰማው ብሩስ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ መልሱ ትክክል ነው።

ብሩስ ይዞት የተመለሰው ከምንጩ ወሬ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር አለ ብለን እናምናለን፤ የመጽሐፈ ሄኖክ የግእዝ ቅጂዎች። አውሮፓ ውስጥ ሙሉው መጽሐፍ ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት አልፎት ነበር፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን እየተገለበጠ ሲነበብ ኖሯል።

በ1769 በዓለም ላይ ትልቁ ነገር ምን ነበር?

የሳይንስ ሰዎችን ብትጠይቁ ጁን 3 ይላሉ። በዚያ ቀን ቬነስ፣ እኛ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት፣ በመሬትና በፀሐይ መካከል አለፈች። ከመሬት ለሚያያት በፀሐይ ፊት ላይ የምትሄድ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረች። ነጥቧ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ስድስት ሰዓት ያህል ፈጀባት።

ይህ ነገር ሁለት ጊዜ በስምንት ዓመት ልዩነት ይሆንና ከመቶ ዓመት በላይ ይጠፋል። በፈረንጅ በ1761 እና በ1769 ሆነ፣ ከዚያ በ1874 እና በ1882፣ ከዚያም በ2004 እና በ2012። የሚቀጥለው ዲሴምበር 2117 ነው። በእኛ ቀን ጁን 3 ግንቦት 28 ቀን 1761 ነበር፤ ኢዮአስ የተገደሉበት ወር ገና አላለቀም። ጎንደር ላይ ሌሊት ስለነበር ግን ማንም አላየውም። የ2004ቱና የ2012ቱ ከኢትዮጵያ ታይተዋል፤ ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው።

አንዲት ጥቁር ነጥብ አይቶ የፀሐይን ርቀት ማወቅ እንዴት ይቻላል?

በአውራ ጣት እንሞክረው። እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉና አውራ ጣታችሁን ከሩቅ ካለ የመብራት እንጨት ፊት አቁሙት። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እዩ፤ አሁን ግራውን ጨፍናችሁ እዩ። ጣቱ ሳይንቀሳቀስ ከእንጨቱ አንጻር የዘለለ ይመስላል። አሁን ጣታችሁን ወደ ፊታችሁ ግማሽ መንገድ አቅርቡት፤ ዝላዩ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ዝላዩን ከለካችሁ ርቀቱን ታውቃላችሁ ማለት ነው።

ቬነስ ጣቷ ናት፣ ፀሐይ የመብራት እንጨቱ። ሁለቱ ዓይኖች ደግሞ በጣም የተራራቁ ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ ለምሳሌ አንዱ በኖርዌይ ጫፍ፣ ሌላው በደቡብ ፓሲፊክ። ሁለቱም ነጥቧ ፀሐይ ላይ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ይመዘግባሉ። ከሁለት ቦታ ስትታይ መንገዷ ትንሽ ስለሚለያይ የቆይታዋ ጊዜም ይለያያል፤ ከዚያ ልዩነት ርቀቱ ይሰላል። ዘዴውን በ1716 ያቀረበው ኤድመንድ ሃሊ ነው፤ ራሱ ግን በ1742 ስለሞተ አላየውም።

ውጤቱስ? የኦክስፎርዱ ቶማስ ሆርንስቢ በ1771 የተሰበሰበውን ሁሉ አስልቶ ወደ 150.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አገኘ። ዛሬ በራዳር የተለካው 149.6 ሚሊዮን ነው። በእንጨት መርከብና በፔንዱለም ሰዓት ለተሠራ ሥራ ስሕተቱ ከመቶ አንድ አይሞላም።

ፀሐይን የሚመለከት ሙከራ ስትሠሩ በባዶ ዓይን እንዳታዩ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ ብዙ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ነበረ፦ የራጅ ፊልም ይበቃል ወይ? አይበቃም። ጥላሸት የተቀባ መስታወትም አይበቃም። ብርሃኑን ስለሚቀንሱ የሚከላከሉ ይመስላሉ፣ ዓይን የሚጎዳውን የማይታይ ጨረር ግን ያሳልፋሉ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የግርዶሽ መነጽር ብቻ ተጠቀሙ፤ ካልሆነም ካርቶን በመርፌ ብሱና የፀሐይዋን ምስል ወረቀት ላይ ጣሉት።

ካፒቴን ኩክ ለምን ታሂቲ ድረስ ሄደ?

ለዚሁ ለቬነስ ነው። እንግሊዞች ከሰሜኑ ሰዎች በጣም የራቀ ተመልካች ስለፈለጉ ጀምስ ኩክን «ኢንደቨር» በምትባል መርከብ ላኩት። 94 ሰው ይዞ ኦገስት 1768 ከፕሊመዝ ተነሣ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1769 ታሂቲ ደረሰ። በመርከቡ ላይ አንዲት ፍየልም ነበረች፤ ለወተት። ከዚያ በፊት በሌላ መርከብ ዓለምን አንድ ጊዜ ዞራ የመጣች ናት፤ ከኩክ ጋር ሁለተኛውን ዙር ጨረሰች።

ኩክ ድንኳን ተክሎ አጥር አጠረ፣ ዘበኛ አቆመ። ግንቦት ሊገባ ሲል አንድ ቀን ጠዋት ኳድራንቱ ያለበትን ሣጥን ቢፈልጉ የለም፤ ተሰርቋል። ያለዚያ መሣሪያ የቬነሱ ነገር ከንቱ ነው። ጆሴፍ ባንክስ የተባለው የዕፅዋት አጥኚ ከሥነ ፈለኩ ባለሙያ ከቻርልስ ግሪንና ከታሂቲ ሰዎች ጋር በፀሐይ ኪሎ ሜትሮች ሮጦ መሣሪያውን ተበታትኖ አገኘው። ከባልደረቦቹ አንዱ ሄርማን ስፖሪንግ ሰዓት መጠገን ያውቅ ስለነበር ገጣጠመው። ብሩስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በጫንቃው ከተሸከመው ዓይነት መሣሪያ ነው።

ጁን 3 ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ፀሐይ ላይ ያስቀመጡት ቴርሞሜትር 48 ዲግሪ ደረሰ። ኩክ፣ ግሪንና ዳንኤል ሶላንደር እያንዳንዳቸው በየቴሌስኮፓቸው አዩ፤ ሲያስተያዩት ግን ሰዓታቸው በሰከንዶች ተለያየ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ቬነስ የፀሐይን ጠርዝ ለቅቃ ወደ ውስጥ ስትገባ እንደ ማር ጠብታ ከጠርዙ ጋር የተጣበቀች ትመስላለች፤ ስለዚህ «አሁን ተላቀቀች» የሚባለውን ቅጽበት ሁለት ሰው እኩል ሊይዘው አይችልም።

ያልተሳካላቸው ነበሩ?

ነበሩ፤ እንደ ፈረንሳዩ ጊዮም ለ ዣንቲል ያልቀናው ሰው ግን ማግኘት ያስቸግራል። በ1760 ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሕንድ ሄደ። የ1761ዱ ሲሆን ሊያይበት ያሰበውን ፖንዲሼሪን እንግሊዞች ይዘውታል፣ እሱ መሐል ባሕር ላይ ነው፤ በሚዋዥቅ መርከብ ላይ ደግሞ ፔንዱለም አይሠራም። ስምንት ዓመት ጠበቀ። በ1769 ፖንዲሼሪ ላይ ሁሉን አዘጋጅቶ ሳለ በዚያች ጠዋት ደመና ሸፈነበት፤ ነገሩ ሲያልቅ ሰማዩ ተገለጠ።

በ1771 አገሩ ሲገባ ሞቷል ተብሎ ወራሾቹ ንብረቱን ለመከፋፈል ተነሥተው ነበር፤ በሳይንስ አካዳሚ የነበረው ቦታም ለሌላ ተሰጥቷል። ሌላው ፈረንሳዊ ሻፕ ዶትሮሽ በካሊፎርኒያ ባሕረ ገብ ምድር ላይ በደንብ አየ፣ መዘገበም፤ ግን በአካባቢው በገባ ወረርሽኝ ኦገስት 1 ሞተ። መዝገቡ ግን ተርፎ ፓሪስ ደረሰ።

በዚያ ዓመት ልጆች ምን ያደርጉ ነበር?

እንደ ቦታው። ጎንደር ላይ የካህን ልጅ ከሆነ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ይደግማል። ሳልዝበርግ ውስጥ ሞዛርት የሚባል የ13 ዓመት ልጅ ዲሴምበር 13 ቀን ከአባቱ ጋር ሙዚቃ ሊያሰማ ወደ ጣልያን ጉዞ ጀመረ። እንደ እሱ የምትጫወተው እኅቱ ናነርል ግን ቤት ቀረች፤ ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ ሴት ልጅ ሕዝብ ፊት መጫወቷ ይብቃት ተባለ።

ኢንደቨር ላይ ኒኮላስ ያንግ የሚባል የሐኪሙ ረዳት ነበር፤ ዕድሜው ወደ 12 ይገመታል። ኩክ መሬት ቀድሞ ላየ ሰው ሽልማት እሰጣለሁ፣ በስሙም ቦታ አስጠራለታለሁ ብሎ ነበር። ኦክቶበር 6 ቀን 1769 ከምሰሶው ጫፍ ሆኖ የኒውዚላንድን ምድር ቀድሞ ያየው ኒክ ነው። እዚያ ያለ ነጭ ገደል እስካሁን «የትንሹ ኒክ ራስ» ይባላል። ቦታው ግን አስቀድሞ ስም ነበረው፤ ማኦሪዎች ተ ኩሪ አ ፓኦዋ ይሉታል።

መርከቡ ላይ ቱፓያ የሚባል የፖሊኔዥያ ካህንና መርከብ መሪም ነበር፤ ከታሂቲ ነው የተሳፈረው። ማኦሪዎች ሲገጥሟቸው ቋንቋው ስለተቀራረበ የሚግባባው እሱ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ቀን በደም ነው ያለፈው፤ የኩክ ሰዎች ተኩሰው ተ ማሮ የተባለውን ሰው ገደሉ።

የእንፋሎት ሞተርን የፈጠረው ጄምስ ዋት ነው?

አይደለም። ቶማስ ኒውኮመን በ1712 የሠራው ሞተር ከማዕድን ጉድጓድ ውኃ እየቀዳ ነበር። ዋት ያደረገው ማሻሻል ነው፤ የፈጠራ መብቱንም ጃንዋሪ 5 ቀን 1769 አገኘ። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 1761 ነው፤ እኛ ገናን ስናከብር ማለት ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጀበና አስቡ። ውኃ አፍልታችሁ ጀበናውን ቀዝቃዛ ውኃ ታፈሱበታላችሁ፣ እንደገና ከሰል ላይ ትጥዱታላችሁ፤ እያንዳንዷ ሲኒ ላይ እንዲህ ብታደርጉ ከሰሉ የሚያልቀው ቡናውን በማፍላት ሳይሆን ሸክላውን መልሶ በማሞቅ ነው። የኒውኮመን ሞተርም እንዲሁ ነበር። ሲሊንደሩ ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ ከዚያ እዚያው ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭና እንፋሎቱ ውኃ ይሆናል፤ ባዶ ቦታ ስለሚፈጠር የአየር ግፊት ፒስተኑን ወደ ታች ይጫነዋል። ለሚቀጥለው ምት የቀዘቀዘው ሲሊንደር እንደገና መሞቅ አለበት።

ዋት እንፋሎቱን በቧንቧ ወደ ሌላ ዕቃ ወስዶ እዚያ አቀዘቀዘው። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ትኩስ፣ ሌላው ዕቃ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆነ። የከሰሉ ፍጆታ ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። ሐሳቡ የመጣለት በ1765 ነው፣ ሥራ ላይ የዋሉት ሞተሮች ግን በ1776 ናቸው፤ እንፋሎት የማያስመልጥ ልክ የሆነ ሲሊንደር የሚሠራ ማግኘት ዓመታት ፈጀ። ማንቆርቆሪያ ክዳን ሲንቀጠቀጥ አይቶ ሞተር ፈጠረ የሚባለው ተረት ነው።

የመጀመሪያው መኪናም በ1769 ተሠራ ይባላል፤ እውነት ነው?

ኒኮላ ጆዜፍ ኩኞ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መሐንዲስ መድፍ የሚጎትት ባለ ሦስት ጎማ የእንፋሎት ጋሪ በዚያ ዓመት በትንሹ ሠርቶ ሞከረ፤ ትልቁ በ1770 ተሠራ። በራሱ ኃይል ስለሚሄድ መኪና ብትሉት አትሳሳቱም። የሚሄደው ግን በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው ነው፤ እንፋሎቱ ቶሎ ስለሚያልቅ በየሩብ ሰዓቱ ይቆማል። ከባዱ ቦይለር ከፊተኛው ጎማ ፊት የተንጠለጠለ በመሆኑም መሪውን ማዞር ጭንቅ ነበር። ትልቁ ጋሪ ዛሬ ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ አለ።

በ1769 የተወለዱ ታዋቂ ሰዎች እነማን ናቸው?

ናፖሊዮን ቦናፓርት ኦገስት 15፣ በእኛ ነሐሴ 11 ቀን 1761፣ ኮርሲካ ደሴት ላይ አጃክሲዮ ተወለደ። በ1815 ዋተርሉ ላይ እሱን ያሸነፈው የዌሊንግተን መስፍንም የዚያው ዓመት ልጅ ነው። እኩያሞች ነበሩ። የግብፁ ገዥ ሙሐመድ ዓሊ ደግሞ እኔም በናፖሊዮን ዓመት ነው የተወለድሁት ይል ነበር፤ ኋላ ሠራዊቱ ሱዳንን ይዞ እስከ ኢትዮጵያ ጠረፍ ደርሷል።

ከሳይንስ ሰዎች አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ሴፕቴምበር 14 በርሊን ተወለደ። በ1802 ቺምቦራዞ የተባለውን የኢኳዶር ተራራ እስከ 5,900 ሜትር ገደማ ወጣ፤ ከራስ ዳሸን አናት 1,300 ሜትር ይበልጣል። ዦርዥ ኩቪዬ የዚያ ዓመት ነው፤ ከምድር ጨርሰው የጠፉ እንስሳት መኖራቸውን በአጥንት ያስረዳ። ቤትሆቨንን በዚህ ዝርዝር የሚያስገቡ አሉ፣ እሱ ግን የ1770 ነው።

ናፖሊዮን ፈረንሳዊ ነበር ወይስ ጣልያናዊ?

በዜግነት ፈረንሳዊ፣ በቤቱ ቋንቋ ኮርሲካዊ። ጄኖዋ ኮርሲካን ለፈረንሳይ ያስረከበችው በ1768 ነው። ኮርሲካውያን በፓስኳሌ ፓኦሊ መሪነት ተዋጉ፣ ሜይ 1769 ፖንቴ ኖቩ ላይ ተሸነፉ። ናፖሊዮን የተወለደው ከዚያ ሽንፈት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ስሙም ናፖሊዮኔ ዲ ቡኦናፓርቴ ነበር። ፈረንሳይኛን የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው፣ አነጋገሩም ሲያስቅበት ኖሯል።

የአሜሪካ ነጻነት፣ የፈረንሳይ አብዮትና የሰው በፊኛ መብረር በ1769 ነው?

አንዱም አይደለም። አሜሪካ 1776፣ ፊኛው 1783፣ አብዮቱ 1789።

በዚያ ዓመት የደረሰ ክፉ ነገርስ?

በቤንጋል፣ በዛሬዋ ሕንድና ባንግላዴሽ፣ ዝናብ በ1768 አነሰ፣ በ1769 ጭራሽ ከዳ። ሩዙ ደረቀ። ግብር የሚሰበስበው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰብል በጠፋበት ዓመትም ግብሩን መሰብሰቡን አላቆመም። በ1770 ረኃቡ ሚሊዮኖችን ጨረሰ። ለልጅ ስታስረዱ ሁለቱንም ምክንያቶች ንገሩት፤ ዝናቡን ብቻ ካነሣችሁ ታሪኩ ግማሽ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ሪቻርድ አርክራይት፣ ቀድሞ ጸጉር አስተካካይና ሰው ሠራሽ ጸጉር ሠሪ የነበረ፣ በውኃ ኃይል ክር የሚፈትል ማሽን መብት በዚህ ዓመት አወጣ። እንዝርት ይዛ ቀኑን ሙሉ የምትፈትል ሴት የምታወጣውን ክር ማሽኑ በብዙ እጥፍ ያወጣል። ክሮምፎርድ ላይ ባቆመው ፋብሪካ ግን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የተቀጠሩ ልጆች ነበሩ።

ኢንተርኔት ላይ ያለ መቀየሪያና እናንተ የጻፋችሁት ቀን አይገጥምም። የቱ ልክ ነው?

መቀየሪያው በደንብ የተሠራ ከሆነ የእኛኑ ይሰጣችኋል። ልዩነቱ የሚመጣው ብዙ ሰው «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ በእጁ ሲቆጥር ነው። በ1769 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 9 ላይ ዋለ። ናፖሊዮን የተወለደበትን ኦገስት 15 በዛሬው ልማድ ብትቀይሩት ነሐሴ 9 ይመጣል፤ ልኩ ነሐሴ 11 ነው።

ምክንያቱ ጳጉሜን ነው። እኛ ያለማቋረጥ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ላይ፣ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን። ፈረንጆቹ ግን በ400 የማይካፈሉ የመቶ ዓመታት ላይ ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላሉ። በ1800 አንድ፣ በ1900 ሌላ አንድ ዘለሉ፤ 2000 በ400 ስለሚካፈል አልተዘለለም። ስለዚህ ከማርች 1700 እስከ ፌብሩዋሪ 1800 ላለ ማንኛውም ቀን በዛሬው መንገድ ቀይሩና ባገኛችሁት የእኛ ቀን ላይ 2 ጨምሩ። ገናም በዚያ ዘመን በጃንዋሪ 7 ፋንታ ጃንዋሪ 5 ላይ ይውል ነበር።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ሩሲያ በ1769 የምትጠቀመው የድሮውን የዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበር ቀኗ ከፓሪስና ከለንደን 11 ቀን ወደ ኋላ ነው። ፒተርስበርግ የተጻፈ ደብዳቤ «ሜይ 23» ካለ፣ ኩክ በታሂቲ ቬነስን ያየበት ጁን 3 ነው፤ እኛም ዘንድ ግንቦት 28።